ወደ ግራ የዞረ ክር

በታህሳስ ዓሣ ምን ይወዳል ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ገና ከበሩ ሳይገባ እንቀዋለሁ። ዓሣ በታህሳስ ምንም አይወድም። ሌሊቱን ውርጭ ሲመታው ያደረ ፍጡር ምን ይወዳል? ከወንዙ ጥልቅ ቦታ፣ ከድንጋይ ጥግ ተለጥፎ ይተኛል። መብል አያሳድድም። አፉ ሥር የመጣለትን ብቻ፣ ያውም ለድካሙ የሚበቃ ትልቅ ከሆነና ቀስ ብሎ ካለፈ፣ ጎረስ ያደርጋል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ሰዎች ግን እስከ ደረታቸው የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር ደርበው፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ዝንብ መንጠቆ ላይ ሰክተው ይመጡና ውሃው ላይ ያንሳፍፏታል። ሦስት ቀን ቆመው ጉንፋን አጥምደው ይመለሳሉ። እሰይ እላለሁ።

ዓሣው ራሱ የአገራችን አይደለም። ስሙን ትራውት ይሉታል፤ እኛ ጎኑ ላይ ነጠብጣብ ስላለው ዥንጉርጉር እንለዋለን። ከጮቄ ወደ መንደራችን በሚወርደው ጥቁር ውሃ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ጫጩቱን በበርሜል አምጥቶ ደፋው፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ተራባ። ሰው ይበላዋል። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ ካህናቱ ይከራከራሉ፤ እኔ ክርክሩ ውስጥ የለሁበትም፤ በጾምም በፍስክም ቀምሼው አላውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ማታለያውን እያሰርሁ ኖርሁ እንጂ ዓሣው ምን ምን እንደሚል አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ስሜ አምደሚካኤል ነው። መንደሩ ግን ዝንብ አሳሪው ይለኛል። ይህን ስም ያወጣልኝ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ ነፍሱን ይማረው፣ መሃይም ነበር። እኔ ዝንብ አላስርም። ዝንብ ውሃው ሲሞቅ የሚሠራ የልጅ ጨዋታ ነው። የእኔ ሥራ የላባ ዓሣ ነው፤ ትልቁ ዓሣ ትንሽ ዓሣ መስሎት የሚጎርሰው። ረዘም ያለ መንጠቆ በጉጠት ትይዛለህ፤ እንዲሰጥም ቀጭን የእርሳስ ሽቦ ትጠመጥምበታለህ፤ በላዩ የጥቁር በግ ሱፍ፣ ለጀርባው የድኩላ ጭራ፣ ለጉሮሮው የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ። ሁሉንም የሚይዘው በሰም የታሸ ክር ነው። ውሃው የጠራ እንደሆነ ቀጠን ያለ ቡናማ ዓሣ ታስራለህ፣ ከላይ ዘንቦ የደፈረሰ እንደሆነ ወፈር ያለ ጥቁር። አለቀ። ከዚህ ሌላ ምሥጢር አለ የሚልህ ሰው ሊሸጥልህ የሚፈልገው ነገር አለ።

ለእንግዶች ወንዙን የሚያሳየው ፈንታ ለምሳሌ ባሕር ዳር ሄዶ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ መጣ። የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ራስ ሳይጠና ጉተና። ከዚያ ወዲህ ዓሣ የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳል እያለ የከረሜላ ወረቀት እየቆረጠ መንጠቆ ላይ ያስራል። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነው እኮ። አንዱን አምጥቶ ሲያሳየኝ "ፈንታ፣ ይኼ ለዓሣ ነው ወይስ ለሙሽራ?" አልሁት። ሳቀ እንጂ አልተቀየመም፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል።

እኔ ክር የተማርሁት ዲማ ነው። ቅኔ ልማር ሄጄ ጎን ለጎን መጽሐፍ መጠረዝ ለመድሁ። ብራና የሰፋ እጅ ላባ ማሰር ምን ያቅተዋል? ዓሣውን ያመጣው ፈረንጅም እጄን አይቶ ነው ሦስት ወር ያስተማረኝ፤ ከዚያ አገሩ ገባ። ቅኔውን ግን አልጨረስሁትም። የኔታ ሊቅ ነበሩ፤ ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ ቅኔዬን ሰምተው "ደህና" የምትል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ይሰሙና "ሂድ" ይላሉ። ወይም "ይህን እናትህ ሰምታዋለች?" ይላሉ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ተማሪ ደርሰሃል ሳይባል ከመምህሩ ደጅ አይወጣም፤ የወጣ እንደሆነ ኮብላይ ነው። ደርሰሃል የተባለ ደግሞ ተመርቆ ይሄዳል፤ የደረሰን ሰው ይዞ ማቆየት ለመምህሩ ነውር ነው።

ልጄን ትሕትናን እኔም በዚሁ ሥርዓት አስተማርኋት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ስትቀመጥ እጇ ሥራ አይፍታ ብዬ አስጀመርኋት፤ ሰባት ዓመት ሆናት። ያሰረችውን አምጥታ ፊቴ ታስቀምጣለች፤ እኔ አገላብጬ አይና በምላጭ እቆርጠዋለሁ። "ራሱ አብጧል።" ቆረጥሁት። "ላባው ተኝቷል።" ቆረጥሁት። "ይህ ዓሣ ነው የቤት መጥረጊያ?" ቆረጥሁት። በዚያ ላይ ግራኝ ናት። በቀኝሽ ሥሪ ብያት ነበር፤ አልሆነላትም። ስለዚህ የእኔ ክር ወደ ቀኝ ሲዞር የእሷ ወደ ግራ ይዞራል። ከላይ ሲያዩት አይለይም፤ ክሩ ሲፈታ ብቻ ነው የሚታወቀው። ቆርጬ የጣልሁላትን ለቅማ፣ መንጠቆውን ጠርጋ፣ እንደገና ትጀምራለች። አልቅሳ አታውቅም። ምስጋና እጅ ያሰንፋል ብዬ አምን ነበር፤ ስላላለቀሰችም አስተማሪነቱን አውቄበታለሁ አልሁ።

በመሃል ዓይኔ ደከመ። ያን ጊዜ ግን እንዲህ አላልሁም። ክሩን ቀጭን አደረጉት አልሁ፤ የመርፌውን ቀዳዳ ፋብሪካዎቹ አጠበቡት አልሁ፤ ደመና ነው አልሁ። ባለቤቴ ወለተ ሰንበት "ማርቆስ ወርደህ ዓይንህን ታይ" ስትለኝ "አንቺ ምላስሽን ታዪ" አልኋት። እንግዶቹ ደግሞ የእርስዎ ማታለያ ከዓመት ዓመት እየጠነከረ መጣ እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር። እዩት እንግዲህ፣ እጅ ከዓይን ይበልጣል እያልሁ እኮራ ነበር። ሞኝ።

ነገሩ የመጣው በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በታህሳስ፣ ሰኞ ዕለት ነው። ባሌ ተራራ ላይ የዓሣ አጥማጆች ማረፊያ ያለው አንድ ሰው ማታለያ የሚያስርለት ባለሙያ ይፈልጋል። ወሬውን በስልክ ለትሕትና የነገራት ኢንጂነር ባዘዘው ነው፤ በየዓመቱ ከአዲስ አበባ እየመጣ እኛ ወንዝ ላይ የሚያጠምድ ሰው ነው። እኔ ደጅ ተቀምጬ ሱፍ ስለይ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"አባዬ፣ ባሌ ለሥራ ጠርተውኛል" አለች። "እርስዎ ደርሰሻል ካሉኝ ቅዳሜ በማርቆሱ ሚኒባስ እሄዳለሁ። አልደረስሽም ካሉኝ እቀራለሁ። ኮብልዬ አልሄድም።"

"ባሌ?" አልሁ። "ባሌ ብርድ ነው።"

"እዚህም ብርድ ነው።"

"እዚያ የሚመጡት ፈረንጆች ናቸው። እንደ አዲስ አበባዎቹ የሰጠሻቸውን አመስግነው አይወስዱም።"

"እርስዎም አመስግነው አይወስዱም" አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ እንደ አየር ጠባይ ነው የነገረችኝ።

"እስከ ቅዳሜ አያለሁ" አልኋት። ምኑን አያለሁ? መልሱ ሆዴ ውስጥ ነበር። አልደረሰችም። ሰባት ዓመት ምንድን ነው? ሰባት ዓመት ተምሮ ደረስሁ የሚል ሰው ፈንታ ነው፤ እሱም ሁለት ቀን ነው የተማረው።

ሐሙስ ጠዋት ባዘዘው መጣ። ደግ ሰው ነው። ስለ ዓሣ ግን የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለ ድልድይስ ቢሆን ያውቃል ወይ ብዬ እጠራጠራለሁ። ደጅ ፀሐይ ላይ ጠረጴዛ አወጣንለት። ባለፉት ዓመታት ከእኛ የወሰደውን ማታለያ ሁሉ ከሳጥኑ ዘረገፈና "ጋሼ፣ ለነገ ይምረጡልኝ" አለ። ፈንታ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ትሕትና ከጀርባዬ ቆማለች።

ተንደላቅቄ መረጣ ጀመርሁ። አንዷን አነሳሁ። ጠባብ ራስ፣ ቀጥ ያለ ጀርባ፣ በጣት ቢገፏት የማትላወስ። ስንት ዓሣ ነክሷታል፤ አንድ ጠጉር አልወጣላትም። "ይህችን እዩ" አልኋቸው። "እጅ ማለት ይህ ነው። ዲማ መጽሐፍ የጠረዘ እጅ ሲያስር እንዲህ ነው።" ባዘዘው ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አነሳሁ። የዚህችኛዋ ራስ የሽንኩርት ያህል ነው፤ ላባው ወደ አንድ ጎን ጋድሟል፤ ክሩ ላልቷል። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ልጄ ከኋላዬ ቆማለች፣ ለቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቷል፣ መልሱ ደግሞ መዳፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ይህችን ደግሞ ያሰረቻት ልጄ ናት፤ ማታለያዋ ከምላጬ አምልጣ ነው" አልሁ። "ሰባት ዓመት አስተምሬ። ይህ ቋጠሮ ነው? በግ የሚያስር ሰው እንኳ ከዚህ ይሻላል። ይህን እጅ ይዞ ባሌ መሄድ ምን ማለት ነው? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።" ምላጩን አነሳሁና ከራሷ ሥር ቆረጥሁ። ከዚያ እንዴት እንደተበላሸ ላሳያቸው ብዬ የተቆረጠውን ጫፍ በጥፍሬ ይዤ ክሩን መተርተር ጀመርሁ።

ክሩ የዞረው ወደ ቀኝ ነበር።

እጄ ቆመ። አንድ ዙር ተረተርሁ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁሉም ወደ ቀኝ ነው። በዚህ ቤት ወደ ቀኝ የሚያዞር ሰው አንድ ብቻ ነው። ያችን ቀደም ብዬ ያሞገስኋትን አነሳሁና የክሯን ጫፍ በመርፌ ፈለግሁ። ጫፉ አልታይ አለኝ፤ በጣቴ ዳስሼ አገኘሁት። ትንሽ ፈታ አደረግሁት። ወደ ግራ።

ዞር ብዬ ትሕትናን አየሁ። የምታየው እኔን አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ ተቆልምሞ የወደቀውን ክር ነበር። ወዴት እንደዞረ ገብቷታል። ጎንበስ ብላ የወደቀውን ላባ ለቀመችና ወደ ቤት ገባች። ባዘዘው "የእርስዎ ምላጭ መቼም አይምርም" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያችን ወደ ግራ የዞረችውን ጫፏን መልሼ አጥብቄ ሰጠሁትና "ለነገ ይህች ትበቃሃለች" አልሁት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወለተ ሰንበትን ከጓዳ ጠርቼ ልጅቷ ምን ስትሠራ እንደቆየች ጠየቅኋት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ሰፌዱን እንኳ አላስቀመጠችም።

"ሁለት ዓመት ሆናት" አለችኝ። "አንተ ያሰርኸውን ከሳጥንህ እያወጣች ትፈታና እንደገና ታስረዋለች። ለእንግዳ የሚሄደው የእሷ ነው። አንዳንዱ ያመልጣታል፤ ዛሬ የቆረጥኸው ያመለጣት ነው።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ለአንተ የሚነገር ነገር አለ?"

"እኔን በገዛ ቤቴ መሳቂያ ልታደርጉኝ ነው?"

"ማንም አልሳቀብህም። ሰው እንዳይስቅብህ ነው እንዲያ የምትለፋው።" አንድ ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ወረወረች። "አንተ ከዲማ የኮበለልኸው ለምን ነበር? ለእኔ የነገርኸኝን ረስተኸዋል?"

አልረሳሁትም። ገና ስንጋባ ነግሬያታለሁ። አንድ ቀን ደህና ቢሉኝ ኖሮ ዛሬም እዚያ ነበርሁ ብያት ነበር። ምስሩ ላይ ተቆጥቼ ወጣሁ፤ ምስሩ ምን አደረገኝ?

ከዚያ ብቻዬን ጠረጴዛው ዘንድ ተቀመጥሁ። ዳር ዳር ማለት አልወድምና እውነቱን ልናገር፤ ያስጨነቀኝ እሷን መበደሌ አልነበረም፤ ይህ በኋላ ነው የመጣው። ያስጨነቀኝ ብትሄድ ማን ያስርልኛል የሚለው ነው። እሷ ከሄደች በጥር የሚመጡት እንግዶች የእኔን እጅ ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ፤ በሁለተኛው ውርወራ ላባው ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል። ዝንብ አሳሪው አለቀለት ይባላል። እሷን ለማስቀረት ደግሞ የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። ሰባት ዓመት ስለው የኖርሁት ቃል ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። አልደረስሽም።

ዓርብ ጠዋት እኔም ወንዝ ወረድሁ። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ውሃው ጠርቶ የታችኛው ድንጋይ ይቆጠራል አሉኝ፤ እኔ የማየው ጥቁር ነገር ሲሄድ ብቻ ነው። ባዘዘው የጎማ ሱሪውን ለብሶ እስከ ወገቡ ገባ። "ወደ ላይ ወርውርና ተወው" አልሁት። "አትንካው፤ ይስጠም። እስከ አሥር ቁጠር። አሁን ሳብ፣ ተው። ሳብ፣ ተው። ምን ያሯሩጥሃል፣ ውሃ ነው እንጂ ሰርግ አይደለም።" አራት ጊዜ ቸኮለ፤ አራት ጊዜ ሰደብሁት። በአምስተኛው እንዳልሁት አደረገ።

ዘንጉ ጎበጠ። ዓሣው ብርድ የያዘው ስለሆነ አልዘለለም፤ ዝም ብሎ ወደ ጥልቁ ወረደ። ባዘዘው እንደ ሕፃን እየሳቀ ቀስ በቀስ ጎትቶ አወጣው፤ ፈንታ በመረብ ተቀበለው። ክንድ የሚያህል ነው። ማታለያዋ ከንፈሩ ላይ ተሰክታለች፤ አንድም ጠጉር አልተነቀለባትም።

"ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ" አለኝ ባዘዘው።

"አሜን" አልሁ።

አፌ ነው ያለው። ፈንታ ዓሣውን ከመረቡ እያወጣ ነበር፤ ቀና አላለም። "የትሕትናም እጅ ይባረክ" አለ ቀስ ብሎ። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። ያ የከረሜላ ወረቀት የሚያስር ሰው አውቋል ማለት ነው። መቼም የእሷን እጅ ከእኔ እጅ ለመለየት ሥልጠናም አላስፈለገው፤ የእሷ አትፈታም፣ የእኔ ትፈታለች፣ በቃ።

ባዘዘው በዚያው ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ማታ ትሕትና እንደ ወትሮዋ እራት አቀረበችልኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ፣ ስለ ሐሙስ አላነሳችም። እናቷ ግን ሻንጣዋን አዘጋጅታ በር ሥር አስቀምጣዋለች። እኔን አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ሻንጣው ይናገረኝ ነበር።

ቅዳሜ ሚኒባሱ ከደብረ ወርቅ መጥቶ መንገዱ ዳር ቆመ። ፈንታ ሻንጣዋን ተሸክሞ አብሮን ወጥቷል። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "ማርቆስ፣ ማርቆስ" ይላል። ከሰባት ስምንት ሰዎች በቀር የተሳፈረ የለም፤ ሁሉም እኛን ያያሉ። ትሕትና ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"አባዬ፣ ቅዳሜ ሆነ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ደርሻለሁ ወይስ አልደረስሁም?"

ያን ጠዋት ከቤት ስወጣ እውነቱን ልናገር ወስኜ ነበር። መንገዱን ስወጣ ደግሜ ደጋግሜ ለራሴ ብዬዋለሁ፤ ደርሰሻል፣ ደርሰሻል እያልሁ። ፊቷን ሳይ ግን ባዶው ጠረጴዛ ታየኝ፤ ጥር ታየኝ፤ በውሃው ላይ ተበትኖ የሚሄድ ላባ ታየኝ።

"አልደረስሽም" አልሁ። "ክርሽ ገና ላላ ነው።"

ፈንታ ሻንጣውን ለረዳቱ ሊያቀብል ከፍ አድርጎት ነበር፤ መልሶ መሬት አስቀመጠው። እሷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አለኝ። "እሺ" አለች። ሄዳ ሻንጣዋን አነሳችና ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዳ ዞረች።

"ሐሙስ ክሩን አይተውታል አይደል?" አለችኝ።

"አይቼዋለሁ።"

"እኔም አይቼዋለሁ። እቀራለሁ፤ ቃሌ ነው። ግን ያዩትን አይተው ነው የሚያስቀሩኝ። ይህን ይወቁት፣ ሌላ ነገር አልልም።"

ረዳቱ "እንሄዳለን ወይስ አንሄድም?" ይላል። በሕይወቴ ብዙ ሰው ንቄያለሁ። የአዲስ አበባ ሰዎችን፣ ካህናቱን፣ ፈንታን፣ ቅኔ የማይገባቸውን፣ ቅኔ የገባቸውን። አብዛኛውን በከንቱ ነው የናቅሁት ብል ራሴን ማስዋብ ይሆናል፤ አንዳንዱ ይገባው ነበር። ያን ጊዜ መንገድ ዳር የቆመውን ሽማግሌ ያህል ግን ማንንም ንቄ አላውቅም። የገዛ ልጁን እጅ ሰርቆ ሲበላ የኖረ፣ አሁን ደግሞ ሌባውም ዳኛውም እሱ የሆነ።

"ትሕትና" አልሁ።

"አቤት።"

"ደርሰሻል።" ረዳቱም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት። "ደርሰሻል። ከደረስሽ ቆይተሻል። እጅሽ ከእጄ ይበልጣል። እኔ ነኝ የማላይ። ዓይኔ አያይም።"

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው ያልሁት፤ አንዱን ከሌላው መለየት አልተቻለኝም። ፈንታ ሰማ፣ ረዳቱ ሰማ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሰሙ። ትሕትና ሻንጣውን ጥላ መጣችና ጉልበቴን ሳመች። ያኔ ነው ሰባት ዓመት አይቼው የማላውቀውን ያየሁት፤ አለቀሰች። ራሷ ላይ እጄን ጫንሁ። ምርቃት አላውቅበትም፤ ማንም መርቆኝ አያውቅም። "የያዝሽው ይሁንልሽ" አልሁ፤ ሌላ አልመጣልኝም።

"አሜን" አለች። ከዚያ ተነስታ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች "ማርቆስ ይውረዱና ዓይንዎን ይታዩ" አለችኝ።

"እሺ" አልሁ። እሺ ስል ሰምታኝ ስለማታውቅ ትንሽ ደነገጠች።

ሚኒባሱ ሄደ። በመስኮት እጇን አውጥታ ይሆናል፤ ለእኔ አቧራ ነው የታየኝ። ፈንታ አጠገቤ ቆሟል። ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሄደም።

"ጋሼ፣ ልያዝዎት?" አለኝ።

ሌላ ቀን ቢሆን የምሰጠውን መልስ እሱም ያውቀዋል። ክንዴን ሰጠሁት። የቤታችን መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሄጄበታለሁ። ትንሽ እንደወረድን "ድንጋይ አለ፣ ይጠንቀቁ" አለኝ። አይቼዋለሁ ልለው አፌን ከፈትሁ። አላየሁትም ነበር።